ማሳዬ ላይ የገባው ድኩላ የማን ነው? ስለ አደን፣ ስለ ሕግና ስለ ሕሊና ከደብረ ታቦር ዙሪያ

እስቲ ይህን አስቡት። ልጁ የደብረ ታቦር ልጅ ነው፤ አሁን የሚኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ። ጠዋት ቡናውን ይዞ በመስኮት ብቅ ሲል ሦስት አጋዘኖች ጓሮው ገብተው አበባውን ይግጡታል። በስልኩ ቀረጸና ፋርጣ ላሉት አጎቱ ላከላቸው።

አጎትየው ቪዲዮውን አይተው ወዲያው ደወሉ።

«ምነው ልጄ፣ ሥጋው በርህ ድረስ መጥቶልህ ዝም ትላለህ?»

«አያ፣ እዚህ ዝም ብሎ አይገደልም እኮ። ወቅት አለው፣ የቁጥር ገደብ አለው።»

«በገዛ ጓሮህ?»

«በገዛ ጓሮዬም።»

አጎትየው ትንሽ ዝም አሉና፣ «እኛም ጋ ድኩላው ባቄላዬን ጨረሰው፤ ብትነካው ትታሰራለህ አሉኝ። ለካ እናንተም ጋ ያው ነው» አሉ።

ይህ ለምሳሌ ያመጣነው ጨዋታ ነው፤ ጥያቄው ግን የምር ነው። ማሳ ላይ የገባ የዱር እንስሳ የማን ነው? መግደል ነውር የሚሆነው መቼ ነው? አሜሪካና ደቡብ ጎንደርስ እውነት «ያው» ናቸው? አንድ በአንድ እንየው።

📌 መጀመሪያ ስሙን እናስተካክል

በፊልምና በቲክቶክ የምናየውን የፈረንጅ እንስሳ ሁላችንም «አጋዘን» ነው የምንለው። እውነቱን ለመናገር ግን ያ እንስሳ ኢትዮጵያ ውስጥ የለም። በአፍሪካ የዚያ ቤተሰብ ተወላጅ የሚገኘው በሰሜኑ ጫፍ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ብቻ ነው።

ልዩነቱ ቀንዱ ላይ ነው። የፈረንጁ አጋዘን ቀንድ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ በየዓመቱ ረግፎ እንደገና ይበቅላል። የእኛዎቹ ግን፣ አጋዘንም ይሁን ድኩላ፣ ሚዳቋም ይሁን ሰስ፣ ቀንዳቸው አንዴ ከበቀለ እስከ ሞት አብሯቸው ነው። በዝምድናም ለላምና ለፍየል ነው የሚቀርቡት።

በደቡብ ጎንደር ደጋ ወሬው በብዛት ስለ ሁለቱ ነው፤ ስለ ድኩላና ስለ ሚዳቋ። ድኩላ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ወዳድ ነው። ብዙ ጊዜ ብቻውን ይንቀሳቀሳል፤ ቀን ተደብቆ ይውልና ማታና ንጋት ላይ ይወጣል። ሲደነግጥ እንደ ውሻ ይጮኻል። ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው። በደጋው አካባቢ የሚኖረው የምኒልክ ድኩላ ደግሞ ወንዱ ወደ ጥቁር ያደላል፤ የሚገኘውም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ሚዳቋ ከሱ በጣም ታንሳለች፤ ቁጥቋጦ ሥር ተሸጉጣ ውላ ድንገት ከእግር ሥር የምትፈተለከዋ እሷ ናት።

📌 መሬቱ የማን? እንስሳውስ የማን?

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ያለው የይዞታ መብት ነው፤ ደብተሩም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። ማረስ ይችላል፣ ማከራየት ይችላል፣ ለልጁ ማውረስ ይችላል።

የዱር እንስሳው ግን በዚያ ደብተር ውስጥ የለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣውና ለረጅም ዓመታት ሲሠራበት የቆየው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። በገንዘብም በእስራትም ያስቀጣል። ስለዚህ ድኩላው ከጫካው ወጥቶ ባቄላ ውስጥ ቢገባም «የእኔ» አይሆንም። ባቄላው የገበሬው ነው፤ ድኩላው የሁሉም ነው።

ይህ አስተሳሰብ አዲስ አይደለም። በአገራችን አደንን ለመቆጣጠር የመጀመሪያው ደንብ የወጣው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1909 ነው።

ሌላው ዓለምስ? ሦስት ዓይነት መንገድ አለ።

👉 አሜሪካ፦ እንስሳው የሕዝብ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በአደራ ያስተዳድረዋል። ባለ መሬቱ «መሬቴን አትርገጥ» ማለት ይችላል። በራሱ መሬት ላይ ለማደንም ግን የወቅቱንና የቁጥሩን ሕግ ማክበር አለበት።

👉 ደቡብ አፍሪካ፦ እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣ ሕግ ባለ መሬቱ በበቂ ሁኔታ ካጠረ በውስጡ ያለው የዱር እንስሳ ንብረቱ ነው። እንደ በግ ያረባዋል፣ ይሸጠዋል፣ ያሳድነዋል።

👉 ናሚቢያ፦ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በጋራ መሬት ላይ የሚኖር ማኅበረሰብ ተደራጅቶ እንስሳውን የመጠበቅና ከሱ የመጠቀም መብት አለው።

ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1977 አደንን ጭራሽ ከለከለች። እኛ በመሃል ነን፦ በፈቃድ ይታደናል፣ ያለ ፈቃድ ክልክል ነው። ፋርጣ ላሉት አጎት ግን ከዚህ ሁሉ የሚደርሳቸው «ክልክል ነው» የሚለው ብቻ ነው። ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

📌 አሜሪካ ውስጥ መግደል «ጥበቃ» የሚባለው ለምንድን ነው?

ለብዙዎቻችን ግራ የሚገባው ይህ ነው። እንስሳ የሚወዱ ሰዎች እንዴት «አጋዘን መታደን አለበት» ይላሉ?

መልሱ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 አካባቢ ባለ ነጭ ጅራቱ አጋዘን በአደን ብዛት ከአሜሪካ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር፤ የቀረው ከግማሽ ሚሊዮን አይበልጥም ነበር። ከዚያ የወቅት ሕግ፣ የፈቃድ ሕግ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1937 በጦር መሣሪያና በጥይት ሽያጭ ላይ የሚጣለው ግብር ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል ተወሰነ። ዛሬ ቁጥሩ ወደ 30 ሚሊዮን ይገመታል።

አጋዘኑን ይበላ የነበረው ተኩላ ግን ከአብዛኛው አገር ጠፍቷል። እናቲቱ ብዙ ጊዜ መንታ ትወልዳለች። የሚቀንሰው ከሌለ ደግሞ የጫካውን ቡቃያ ሁሉ ይበላና ጫካው መተኪያ ያጣል። በመኪና የሚገጨው ብቻ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደሆነ ይገመታል። ስለዚህ የወቅቱ አደን የጠፋውን ተኩላ ሥራ ይሠራል ማለት ነው።

ይህንንም የሚቃወሙ አሉ። «ተኩላውን ያጠፋነው እኛ፣ አሁን ደግሞ በእሱ ስም የምንተኩሰው እኛ» ይላሉ። አንዳንዱ ባለ መሬት ትልቅ ቀንድ ያለው ወንድ እንዲበዛለት በቆሎ እየረጨ አጋዘኑን ይለምደዋል፤ ሲለምድ ይገድለዋል። ይህ አደን ነው ወይስ እርድ? ክርክሩ እዚያም አላለቀም።

📌 የእኛ ሂሳብ ለምን ይለያል?

የአሜሪካው መከራከሪያ «በዝቷል» የሚል ነው። እሱን እንዳለ አንስቶ ደብረ ታቦር ላይ መጫን አይቻልም።

ደቡብ ጎንደርን ከላይ፣ በሳተላይት ምስል እዩት። ማሳ፣ ማሳ፣ ማሳ፣ ከዚያ አንድ ክብ አረንጓዴ ነጥብ፤ መሃሏ ላይ ቤተ ክርስቲያን። እንደ አለምሳጋ ደንና እንደ ጣራ ገዳም ያሉ ሰፋ ያሉ ቦታዎች ጥቂት ናቸው። የቀረው የሀገር በቀል ዛፍ በእነዚህ ነጥቦች ውስጥ ተሸሽጓል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያ መዝግበዋል። ከነጥቡ ውጭ ግን ባህር ዛፍና እርሻ ነው።

አሁን በአንዲት እንዲህ ባለች የጫካ ደሴት ውስጥ ስድስት ድኩላ አለ እንበል። ሁለቱ ወንድ፣ ሦስቱ ሴት፣ አንዷ ግልገል። ሴቷ ስድስት ወር ያህል አርግዛ የምትወልደው አንድ ነው፤ እንደ አሜሪካው መንታ አይደለም። ያንን አንድ ግልገል ነብርና ጅብ ይጠብቁታል። ከመንደር ሦስት ልጆች ውሻ ይዘው በአንድ ቅዳሜ ሁለቱን ወንድ ቢገድሉ ምን ይቀራል? ከሌላ ጫካ የሚተካ ወንድ እንዳይመጣ መሃሉ ኪሎ ሜትር ሙሉ እርሻ ነው። ስድስት የነበረው በጥቂት ዓመት ውስጥ ዜሮ ይሆናል፤ «ተገድሎ አለቀ» የሚል ዜናም አይሠራለትም።

ድኩላና ሚዳቋ ሲጠፉ የሚጠፋው እነሱ ብቻ አይደሉም። ፍሬ በልተው ዘሩን ሌላ ቦታ የሚጥሉ እንስሳት ናቸው። ነብሩም የሚበላው ሲያጣ ወደ ፍየል በረት ይመጣል። ያኔ ደግሞ «ነብሩ ይገደል» ይባላል።

📌 ግን ገበሬውስ?

ሕግ ጠቅሶ «ክልክል ነው» ብሎ መሄድ ለእኛ ስልክ ላይ ላለነው ቀላል ነው። ማሳው ጫካ ጥግ የሆነን ሰው ቦታ ላይ ቁሙ።

ማዳበሪያውን በውድ ገዝቷል። ባቄላው አብቧል። ማታ ድኩላ ይገባል፤ ድንቹን ጃርት ይቆፍረዋል፤ ቀን ደግሞ ዝንጀሮ ይመጣል። ማማ ሠርቶ፣ ወንጭፍ ይዞ ብርድ ላይ ያድራል። ቀን የሚጠብቀው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው፤ ያ ልጅ በዚያን ቀን ትምህርት ቤት የለም። ይህን ሁሉ ሆኖ የተበላበትን የሚክስ የተለመደ አሠራር የለም። ወረዳ ሄዶ ቢያመለክት እንኳ ሰው የሚመጣው ሰብሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው።

ስለዚህ «እንስሳው የሁሉም ነው» የምንል ከሆነ ወጪውም የሁሉም መሆን ነበረበት። አሁን ባለው አሠራር ግን ድኩላው የሁሉም፣ ባቄላው የአንድ ሰው ነው። ሁላችንም በብርቅዬ እንስሳ እንኮራለን፤ ሂሳቡን የሚከፍለው ግን ያ አንድ ሰው ነው። ይህ ፍትሐዊ አይደለም፤ ገበሬው ሲናደድም እውነት አለው።

አንድ ነገር ግን እንለይ። በደል የደረሰበት ሰው ሰብሉን መከላከሉ አንድ ነገር ነው። ጫካ ድረስ ሄዶ ወጥመድ መዘርጋት፣ ውሻ ለቆ ያረገዘችን ማሳደድ፣ ሥጋውን ለመሸጥ ማደን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን የሚሠራው ሰው የመጀመሪያውን ምክንያት ተበድሮ ነው የሚያወራው። መሣሪያ በበዛበት፣ ጥበቃው በላላበት በዚህ የግጭት ዘመን ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ይደበዝዛል። የአባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ይዘርፋል የሚባለው እንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

📌 15,000 ዶላር የተተመነለት እንስሳ

«ክልክል ነው» የተባለው ሁሉ ለሁሉም ክልክል አይደለም። ወደ ባሌና አርሲ እንሂድ። የደጋ አጋዘን እዚያ ይኖራል፤ ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የለም። ሳይንስ ያወቀው በቅርቡ፣ እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። ቁጥሩም ጥቂት ሺህ ብቻ ነው።

ይህ እንስሳ በተከለሉ የአደን ቀጠናዎች በኮታ ይታደናል። ኮታውን የሚወስነው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። የሚፈቀደው በዕድሜ የገፋ ወንድ ነው፤ ሴት አይነካም። በ2000 ዓ.ም. በወጣው ደንብ መሠረት አንድ የደጋ አጋዘን ለመግደል የተተመነው ክፍያ 15,000 ዶላር ነበር። የአስጎብኚውና የጉዞው ወጪ ሲደመር ዋጋው ከዚያ በብዙ ይበልጣል።

የሚደግፉት እንዲህ ይላሉ፦ አንድ ሽማግሌ ወንድ ቢሞት መንጋው አይጎዳም፤ ገንዘቡ ግን ጫካው እንዳይታረስ ያደርጋል። ከክፍያው አብዛኛው፣ 85 በመቶው፣ ለክልሉ እንዲሰጥ ነው አሠራሩ። ቀጠና በሆነ ቦታ ጠባቂ አለ፤ ባልሆነ ቦታ መጥረቢያ አለ።

የሚቃወሙት ደግሞ፦ ቆጠራው በትክክል ካልተሠራ ኮታው ግምት ነው። ገንዘቡ ክልል ደረሰ ማለት ጫካው ጥግ ያለችው ቀበሌ ደረሰ ማለት አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፦ ድሃው ሚዳቋ ለምግብ ሲገድል «ሕገ ወጥ አዳኝ»፣ ሀብታሙ ለግድግዳ ጌጥ ሲገድል «ስፖርተኛ» የሚባለው እስከ መቼ ነው?

ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ልዩነቱን የሚፈጥረው የሰውየው ሀብት ሳይሆን ከጀርባው ያለው ነገር ነው፦ ቆጠራ፣ ገደብ፣ ተጠያቂነት። ሰውየው ሲተኩስ ስንት እንደቀረ የሚያውቅ አካል አለ፤ ወይም ሊኖር ይገባል። ውሻ ለቆ የሚያድነው ሰው ግን ስንት እንደቀረ አያውቅም። ገንዘቡ ቀበሌው ካልደረሰ ደግሞ የመጀመሪያውም መከራከሪያ ግማሹ ይፈርሳል።

📌 መፍትሔው ከሩቅ አይደለም

ሁለት የቅርብ ምሳሌ እንይ።

አንደኛው መንዝ ነው። የጓሳ ሣር የሚበቅልበትን ሰፊ ደጋ የአካባቢው ሰው ለብዙ ምዕተ ዓመታት ራሱ አስተዳድሮታል። ስምምነት ነበረ፤ ቦታው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ይከፈታል። ያለ ጊዜው የገባ ይቀጣል። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ተናጋ፤ በኋላ ግን በማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራነት ተመልሶ ቆመ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እዚያ ዛሬም አሉ።

ሁለተኛው እዚሁ ደቡብ ጎንደር ነው። የዣራ ቤተ ክርስቲያን ደን ዙሪያውን በድንጋይ ካብ ታጥሯል። ድንጋዩ የተለቀመው ከአካባቢው እርሻ ነው። ገበሬው ማሳው ከድንጋይ ጠራለት፤ ጫካው ከከብት ዳነ። አንድ ሥራ፣ ሁለት ጥቅም። እዚያ ቅጥር ውስጥ ማንም አያድንም፤ የሚያስቆመውም ፖሊስ ሳይሆን ነውር ነው።

በየወረዳው «ከንክኪ ነፃ» ተብለው የተዘጉ ተራሮችም አሉ። ቁጥቋጦው ሲመለስ እንስሳውም ይመለሳል። ጥሩ ዜና ነው። ግን ከወዲሁ የሚነጋገሩበት ካልሆነ የነገ ጠብ ነው፤ የተመለሰው ድኩላ የሚበላው ከተራራው ሥር ያለውን ማሳ ነውና። ተራራው ሲዘጋ አብሮ መወሰን ያለበት፦ ከጥጉ ላይ ምን ይዘራ? ጥበቃው በተራ ይሁን? ሰብሉ የተበላበት ሰው ከተራራው ሣር ትልቁን ድርሻ ያግኝ? ይህ ከአዲስ አበባ ካሳ እስኪመጣ ከመጠበቅ ይቀላል።

📌 አደን ትክክል ነው ወይስ አይደለም? አራት ጥያቄ

ቨርጂኒያም ይሁን ፋርጣ፣ እነዚህን ጠይቁ፦

1. ለምን? ለምግብ፣ ሰብል ለማዳን፣ ቁጥር ለመቀነስ፣ ወይስ ለፎቶ?

2. እንዴት? ወዲያው ይሞታል ወይስ በወጥመድ ታንቆ ያድራል? ግልገል የምታጠባ ናት?

3. ስንት ቀርቷል? ይህን የሚመልስ ከሌለ እጅን መሰብሰብ ይሻላል።

4. ማን ወሰነ፣ ማን ተጠቀመ? አንድ ሰው ብቻውን ወስኖ ብቻውን ከበላ የጋራ የሆነ ነገር ተሰርቋል ማለት ነው።

በዚህ ሚዛን የቨርጂኒያው ፈቃድ ያለው አዳኝ፣ ቅልጥፍ አድርጎ ገድሎ ሥጋውን ከበላ፣ አብዛኛውን ያልፋል። ደብረ ታቦር ዙሪያ ውሻ ለቆ የሚያድን ወጣት ግን ሦስተኛው ላይ ይወድቃል። ሰውየው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ የቀረው ጥቂት ስለሆነ ነው።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ? የታረደ ድኩላ ፎቶ ሲመጣላችሁ ላይክና ሼር አታድርጉ፤ ጀግንነት እንዲመስል የሚያደርገው የእኛ ጭብጨባ ነው። በሕይወት ያለ ድኩላ ካያችሁ ቀርጹት፣ ግን ትክክለኛ ቦታውን አትለጥፉ። ቤተሰባችሁ ጫካ ጥግ የሚያርስ ከሆነ ደግሞ የተበላውን ሰብል በቀንና በፎቶ መዝግባችሁ ለቀበሌና ለወረዳ አቅርቡ። ማስረጃ ያለው አቤቱታ ዝም ተብሎ ለመታለፍ ይከብዳል።

ወደ አጎትየው እንመለስና፣ «ያው ነው» ያሉት ግማሹ ልክ ነው። እዚያም እዚህም እንስሳው የአንድ ሰው አይደለም። ግማሹ ግን ልክ አይደለም፦ የቨርጂኒያው ልጅ አበባው ቢበላ ሌላ ይገዛል፤ እሳቸው ባቄላቸው ሲበላ የዓመት ቀለባቸው ነው። ድኩላው እንዲኖር ከፈለግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን «ለምን ይገድላሉ?» ብለን አይደለም። «ያንን ባቄላ ከእሳቸው ጋር የምንካፈለው እንዴት ነው?» ብለን ነው።

እናንተ አካባቢ ድኩላ ወይ ሚዳቋ አሁንም አለ? ሰብል ሲበላ ሰው ምን ያደርጋል? ንገሩን።